አሥር ቶን የት ላይ ተቀመጠ? የጭነት ሚዛንና የወሎ ዳገት

የሚዛን ጣቢያ ክርክር ብዙ ጊዜ በአንድ ዓይነት ንግግር ይጀመራል። እኔ የሰማሁትም እንዲሁ ነበር። ሹፌሩ ወረቀቱን በሁለት እጁ ዘርግቶ ይዟል። «የተፈቀደልኝ መቶ ኩንታል ነው፤ የጫንኩትም መቶ ኩንታል ነው። ሰነዱም ሊብሬውም ይኸው። ታዲያ ምን አጠፋሁ?» የሚዛኑ ሠራተኛ ወጣት ነው፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጋሼ፣ ጠቅላላው ልክ ነው፤ ያለፈው የኋላው ነው» አለው። ሹፌሩ ይህን ሲሰማ ጭራሽ ተናደደ። «መኪናው አንድ፣ ጭነቱ አንድ! የፊትና የኋላ የሚባል ደግሞ ከየት መጣ?»

ሰውየው አላጭበረበረም፤ ጥያቄውም የዋዛ አይደለም። የአገራችን የጭነት ቋንቋ ከጫፍ እስከ ጫፍ ኩንታል ነው። ኪራይ በኩንታል ይቆረጣል፣ ለጫኝና አውራጅ በኩንታል ይከፈላል፣ መኪናው ራሱ በኩንታሉ ይጠራል፤ «አርባ ኩንታል የምትጭነዋ አይሱዙ»፣ «አራት መቶ የሚይዘው ተሳቢ» እንላለን። መንገዱ ግን ኩንታል አይቆጥርም። አስፋልቱ የሚያውቀው እያንዳንዱ አክስል፣ ማለትም የግራና የቀኝ ጎማዎችን የሚያገናኘው አግዳሚ ብረት፣ በጎማዎቹ በኩል ስንት ቶን እንዳሳረፈበት ብቻ ነው። በሁለቱ ቋንቋዎች መካከል አስተርጓሚ ስለሌለ ቅጣቱም፣ የፈነዳው ጎማም፣ የተቃጠለው ፍሬንም ሹፌሩ ላይ ይወድቃል።

ነገሩ የትም አገር ያለ ቢሆንም ወሎ ላይ ይከፋል፤ ምክንያቱ የመሬቱ አቀማመጥ ነው። ከጅቡቲ የተነሣ ጭነት ሚሌ ሲደርስ ገና ከባሕር ጠለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻ ሲገባ 1,850 ሜትር አካባቢ ደርሷል። ከዚያ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው፤ ነገር ግን 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተሰቅላለች። በመካከል ያለው ሐረጎ የሚባለው ዳገት ነው፤ በዚህ መስመር የሠራ የከባድ መኪና ሹፌር ሁሉ ስሙን ያውቀዋል። ከደሴ ወዲያ መንገዱ ሐይቅ፣ ውጫሌ፣ መርሳ፣ ወልድያ እያለ ሲወጣና ሲወርድ ይሄዳል። ከወልድያ በስተምዕራብ ደግሞ የቻይና መንገድ የሚባለው በድልብ አድርጎ ወደ ጋሸና ሽቅብ ይጠማዘዛል። የወረኢሉ፣ የጃማና የደላንታ እህል በበኩሉ በደሴ በኩል ቁልቁል ይመጣል። ሜዳ ላይ ይቅር የሚባል የአጫጫን ስሕተት እዚህ አገር ይቅር አይባልም።

ሲሚንቶና ፍራሽ

ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ መጋዘን ደጃፍ ላይ ያየሁት ጭነት ነገሩን ከማንኛውም መመሪያ በተሻለ ያስረዳል። መኪናው ባለ ሁለት አክስል ነው፤ ከፊት ነጠላ ጎማ፣ ከኋላ ድርብ። ለሐይቅ 160 ከረጢት ሲሚንቶ አለው፤ እያንዳንዱ 50 ኪሎ ነው፣ በድምሩ 8 ቶን። ለወልድያ ደግሞ ስፖንጅ ፍራሽ፣ ሳሙናና ፓስታ፣ 2 ቶን ያህል። አንድ ላይ 10 ቶን፣ ማለትም ያው መቶ ኩንታል።

ጫኞቹ የሚያውቁት ሕግ አንድ ነው፤ መጨረሻ የሚወርደው መጀመሪያ ይገባል። ስለዚህ የወልድያው ፍራሽ ወደ ካቢናው ተጠግቶ እስከ ላይ ተደረደረ፣ የሐይቁ ሲሚንቶ ከኋላ በሩ ሥር ተከመረ። ለማውረድ ይህን የመሰለ ምቹ አጫጫን የለም። ሐይቅ ላይ የኋላውን መክፈት፣ ሲሚንቶውን ማውረድ፣ መዝጋት፣ መሄድ።

አሁን ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ አጠጋግቻቸዋለሁ። ባዶው መኪና 6 ቶን ይመዝናል፤ 3 ከፊት፣ 3 ከኋላ። በፊትና በኋላ አክስል መካከል ያለው ርቀት 5 ሜትር ነው። ካሶኒው፣ ዕቃው የሚጫንበት ሳጥን፣ 6 ሜትር ይረዝማል፤ ከዚያ ውስጥ አንድ ሜትር ተኩሉ ከኋላ አክስሉ አልፎ ወደ ውጭ ይንጠለጠላል። የተከመረው ሲሚንቶ የያዘው የመጨረሻውን ሁለት ሜትር ነው። ሲሚንቶው ከባድ እንጂ ሰፊ ቦታ የሚወስድ አይደለም፤ ችግሩም ከዚሁ ይጀምራል። የክምሩ መሐል ሲለካ ከኋላ አክስሉ ግማሽ ሜትር አልፎ ወደ ኋላ ይገኛል።

ወሳንሳ የተሸከሙ ሁለት ሰዎችን አስቡ። ሸክሙ መሐል ላይ ካለ እኩል ይካፈሉታል። ወደ ኋለኛው ሰው ሲጠጋ ኋለኛው ይጎብጣል፣ ፊተኛው ይቀለዋል። ከኋለኛው ሰው ትከሻ አልፎ ወደ ውጭ ከወጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ኋለኛው ሸክሙን ሙሉውን ተሸክሞ ሌላም ይጨመርበታል፣ ፊተኛውን ደግሞ እንጨቱ ሽቅብ ያነሣዋል። የጭነት መኪናም ከዚህ የተለየ አይደለም። የጭነቱ መሐል ከኋላ አክስሉ ምን ያህል ወደ ፊት እንደራቀ ይለካል፤ ያ ርቀት በሁለቱ አክስሎች መካከል ላለው ርቀት ይካፈላል፤ የተገኘው በጭነቱ ክብደት ይባዛል። ይህ የፊቱ ድርሻ ነው፤ የቀረው የኋላው።

በዚህ ስሌት የሲሚንቶው 8 ቶን ኋላውን 8.8 ቶን ይጫነዋል፣ ፊቱን ደግሞ 0.8 ቶን ያቀልለዋል። ፍራሹና ሳሙናው መሐል ለመሐል ስለሆነ አንድ አንድ ቶን ይከፋፈላል። የመኪናው የራሱ ክብደት ሲጨመር ፊቱ 3.2 ቶን፣ ኋላው 12.8 ቶን ይሆናል። ድምሩ 16 ቶን ነው፤ ከዚያ አልበለጠም።

ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት ኮሜሳ፣ የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ፣ ለቀጣናው መንገዶች ያስቀመጠው ልክ ለመሪ አክስል፣ ማለትም ለፊተኛው፣ 8 ቶን፣ ድርብ ጎማ ላለው ነጠላ አክስል 10 ቶን፣ ለጥንድ አክስል 16 ቶን፣ ለሦስት ተከታታይ አክስል 24 ቶን ነው። በዚህ ሲመዘን የእኛ መኪና በጠቅላላው ከሁለቱ አክስሎች ልክ ድምር፣ ከ18 ቶን፣ በታች ነው። የኋላው ግን በ2.8 ቶን አልፏል። የሚዛን ጣቢያው ወጣት የተናገረው ይህንኑ ነው።

«እንግዲያው ሲሚንቶውን ወደ ፊት እናምጣው» የሚል ይኖራል። ሞክሬዋለሁ፤ በወረቀት ማለቴ ነው። ሲሚንቶው ከካቢናው ጀርባ ባሉት ሁለት ሜትሮች ላይ ቢከመር፣ ቀላሉ ዕቃ ከኋላ ቢሆን፣ ፊቱ 8.8 ቶን፣ ኋላው 7.2 ቶን ይሆናል። አሁን ደግሞ ያለፈው መሪው ነው። የፊት ጎማዎች ነጠላ ስለሆኑ ይህኛው ስሕተት ምናልባት ይብሳል፤ መሪው ይከብዳል፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲያዝ ተጨማሪ ክብደት ወደ ፊት ይመጣል፣ የፊት ጎማ ቢፈነዳ ደግሞ መኪናውን ሹፌሩ አይደለም የሚነዳው።

ሦስተኛው መንገድ ሲሚንቶውን ማንጠፍ ነው። 160ው ከረጢት በካሶኒው ወለል ላይ ከዳር እስከ ዳር ቢዘረጋ ከፍታው 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው የሚሆነው፤ ፍራሹና ሳሙናው ከላዩ ይጫናል። ፊቱ 6 ቶን፣ ኋላው 10 ቶን። ያው መኪና፣ ያው መቶ ኩንታል፣ ያው ሹፌር፤ አሁን ግን የሚጠይቀው የለም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለውን ተረት የጭነት መኪና መሐንዲስ ያወጣው ይመስለኛል።

የሚገርመው ይህን ዕውቀት አገሩ ከጥንትም ያውቀዋል። ሰኞ ባቲ ገበያ ሄዶ ግመል ሲጫን የቆመ ሰው ጫኙ የግራውንና የቀኙን ሸክም በእጁ እያነሣ ሲያመዛዝን ያያል፤ አንዱ ወገን ከቀለለ ሳይጨምርበት ወይም ሳያሸጋግር እንስሳው እንዲነሣ አያደርግም። ግመል ሲጎብጥ ይጮኻል። ካሶኒውን ከአክስሉ በላይ የሚሸከመው የብረት ምንጣፍ፣ ባሌስትራው፣ አይጮኽም፤ ሲሰበር ካልሆነ።

አስፋልቱ እንዴት ይቆጥራል

በ2.8 ቶን ምን ይመጣል? የዚህ ጥያቄ መልስ የመጣው ከአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 መሐንዲሶች ለዚሁ ብለው በሠሯቸው ቀለበት መንገዶች ላይ የተለያየ ክብደት የጫኑ መኪናዎችን ለሁለት ዓመት ገደማ ያለማቋረጥ አዟዟሩ፣ አስፋልቱ እንዴት እንደሚያረጅም መዘገቡ። ያገኙት ውጤት እስከ ዛሬ የመንገድ ንድፍ መሠረት ነው፤ መንገድ ላይ የሚደርሰው ጉዳት የአክስሉ ክብደት በጨመረበት ልክ አይጨምርም፤ ወደ አራተኛ እርከን በሚጠጋ ብዜት ነው የሚያድገው። በሌላ አነጋገር ክብደቱ እጥፍ ሲሆን ጉዳቱ እጥፍ አይሆንም፤ 16 እጥፍ ይሆናል።

ይህን ወደ መኪናችን እንመልሰው። 10 ቶን ባረፈበት አክስል ፈንታ 12 ቶን ያረፈበት ቢያልፍ ጉዳቱ ከእጥፍ ይበልጣል። ሲሚንቶው ከኋላ የተከመረበት የ12.8 ቶን አክስል ደግሞ ወደ 2.7 እጥፍ ይጎዳል። መቶ ኩንታል የጫነ አንድ መኪና አለፈ ብለን እኛ ስንቆጥር አስፋልቱ ሦስት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ቆጥሯል። 15 ቶን ያረፈበት አክስል አምስት እጥፍ ነው። ግማሽ ቶን የሚያርፍበት የቤት መኪና አክስል በተመሳሳይ ስሌት የ10 ቶኑን ጉዳት ለማድረስ 160,000 ጊዜ መመላለስ አለበት፤ ስለዚህ መንገድ ተበላሸ ሲባል ታክሲውን መውቀስ ከንቱ ነው።

ቁጥሩ የሙከራ ነው፤ አፈሩ፣ የአስፋልቱ ውፍረት፣ ውኃው ይለውጡታል። ወሎ ላይ ነገሩን የሚያከፋ ብዙ አለ። ከባድ መኪና ዳገት ሲወጣ በዝቅተኛ ማርሽ ስለሚጎተት ጎማው እያንዳንዱ ነጥብ ላይ የሚቆየው ረዘም ላለ ጊዜ ነው፤ ሬንጅ ደግሞ ረጅም ጫና ሲያርፍበት ይፈሳል። ከባቲ ወደ ሚሌ ባለው ቆላ ሙቀቱ ራሱ ያለሰልሰዋል። በወረኢሉና በጃማ ደጋ ላይ ደግሞ ጥቁሩ የዋልካ አፈር አለ፤ ክረምት ሲገባ ያብጣል፣ በጋ ሲመጣ ይሰነጠቃል። በስንጥቁ የገባ ውኃ ከአስፋልቱ ሥር ያለውን ንጣፍ ካለዘበው በኋላ ትናንት ያለ ችግር ያለፈው ክብደት ዛሬ መንገዱን ይሰብራል። በከባድ መንገዶቻችን ላይ የምናያቸው ሁለት ትይዩ ጎድጓዳ መስመሮች፣ ዝናብ ሲዘንብ ውኃ የሚያቁሩት፣ የዚህ ሁሉ ድምር ናቸው።

ስለ ገልባጭ መኪናም አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። 16 ሜትር ኪዩብ የሚይዘው ባለ ሦስት አክስል ገልባጭ ከወንዝ የታፈሰ አሸዋ አፉ ድረስ ይሞላል። አንድ ሜትር ኪዩብ ደረቅ አሸዋ 1.6 ቶን ያህል ይመዝናል፤ 16ቱ ወደ 26 ቶን ይጠጋል ማለት ነው። ከወንዝ እንደወጣ እርጥብ ከሆነ ከዚህም በላይ ነው። ባዶውን 12 ቶን የሚመዝን መኪና በኮሜሳ ልክ፣ ማለትም 8 እና 16፣ መጫን የሚችለው 12 ቶን ነው። በአንድ ጉዞ ከሁለት እጥፍ በላይ ተጫነ ማለት ነው። ካሶኒውን የሠራው ፋብሪካ ሳጥኑን ሰፊ ያደረገው ቀላል ነገር እንዲጫንበትም ጭምር ነው፤ ሳጥኑ ሞላ ማለት መኪናው ሞላ ማለት አይደለም። እዚህ ላይ የአደራደር ጥያቄ የለም፤ እንዲሁ ብዙ ነው።

ሐረጎን ሲወርዱ

ወደ ላይ ሲወጣ ዳገቱ ክብደት ከፊት ወደ ኋላ ያሸጋግራል። ከመቶ ስምንት በሚያጋድል ዳገት ላይ ያ 16 ቶን መኪና ከፊቱ ግማሽ ቶን ገደማ ያጣል። 6 ቶን ለነበረው ፊት ይህ ምንም አይደለም። 3.2 ቶን ብቻ ለቀረለት ግን ብዙ ነው። ሹፌሮች «መሪው ቀለለኝ» የሚሉት ያን ጊዜ ነው፤ ኩርባ ላይ መሪ ሲጠመዘዝ አፍንጫው ቀጥ ብሎ መሄድ ይፈልጋል፣ በተለይ ጭጋግና ካፊያ ባለበት።

መውረዱ ሌላ ጣጣ ነው። በጠቅላላ 40 ቶን የሚመዝን መኪና ከደሴ ኮምቦልቻ ሲወርድ 600 ሜትር ያህል ከፍታ ይጥላል። በከፍታው ላይ የነበረው ኃይል የትም አይጠፋም፤ ሙቀት ይሆናል። መጠኑ 235 ሚሊዮን ጁል ገደማ ነው። ይህ ቁጥር ብቻውን ምንም አይልም፤ ስለዚህ በውኃ እንለካው። 700 ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ፣ ሦስት በርሜል ተኩል ማለት ነው፣ እስኪፈላ የሚያሞቅ ኃይል ነው። ከዚያ ውስጥ የተወሰነውን ንፋሱና የጎማው ግጭት ይወስዱታል። የቀረውን የሚካፈሉት ሞተሩና ፍሬኑ ናቸው፤ ማን ምን ያህል እንደሚወስድ የሚወስነው ሹፌሩ ነው።

ከባድ ማርሽ አስገብቶ፣ የሞተር ፍሬን ከፍቶ፣ በዝግታ የሚወርድ ሰው አብዛኛውን ለሞተሩ ይሰጣል። ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሽ አውጥቶ በዜሮ የሚለቀው ግን ሁሉንም ለፍሬን ሸራው ሰጠ። ሸራው ሲግል የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል፣ ሸራው ተጭኖ የሚያቆመው ክብ ብረት፣ ድራሙ፣ በሙቀት እየሰፋ ከሸራው ይሸሻል። በዜና «ፍሬን እምቢ ብሎት» እየተባለ የሚነገረው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ፍሬኑ እምቢ ያለው ግን ታችኛው ኩርባ ላይ ሳይሆን ከላይ፣ ማርሹ ሲመረጥ ነበር። አሥር ቶን ትርፍ ሲጫን ደግሞ ሌላ 175 ሊትር ውኃ የሚያፈላ ሙቀት ይጨመራል፤ የፍሬኑ ስፋት ግን ያው ነው።

ተሳቢ ላለው መኪና የጭነቱ ክፍፍል በፊትና በኋላ ብቻ አያበቃም፤ በሳቢውና በተሳቢው መካከልም ነው። ጭነት ሲቀንስ ከሳቢው ቀንሶ ተሳቢውን ሙሉ መተው የተለመደ ስሕተት ነው። ቁልቁለት ላይ ተሳቢው ስሙን ይለውጣል፤ ገፊ ይሆናል። ከሳቢው የከበደ ተሳቢ እርጥብ ኩርባ ላይ የሳቢውን ጀርባ ወደ ጎን ሲገፋው ሁለቱ እንደ ሰንጢ ይታጠፋሉ።

ከፍታም ክብደት ባይሆን የክብደት ዘመድ ነው። ከካሶኒው በላይ የተቆለለ ጭድና ከሰል፣ ኩርባ በተዞረ ቁጥር ወደ አንድ ወገን የሚያጋድሉ ሰንጋዎች፣ ግማሽ ብቻ ተሞልቶ የሚናወጥ የነዳጅ ቦቴ፣ ሁሉም በልኩ የተጫነ መኪና ሊገለብጡ ይችላሉ። በጭነቱ ላይ ሰው የተሳፈረበት እንደሆነ ደግሞ ስለ ሚዛን ማውራቱም ያሳፍራል።

ለምን እንዲህ ይጫናል

ሹፌሮች ልክ ስለማያውቁ ነው የሚለውን መልስ አልቀበለውም። ካቢናው ውስጥ ተቀምጦ ሐረጎን አሥር ዓመት የወረደ ሰው ክብደትን በመቀመጫው ያውቀዋል። ችግሩ የሚወስነው እሱ አለመሆኑ ነው። ኪራዩን የሚቆርጠው ደላላው ነው፤ «ጨምርበት» የሚለው ባለንብረቱ፤ የት እንደሚቀመጥ የሚወስኑት ጫኞቹ። ሹፌሩ ብዙ ጊዜ ጭነቱ አልቆ ሸራው ሲታሰር ይጠራል። ሚዛኑ ላይ ግን ስሙ የሚጻፈው የእሱ ነው።

ከዚያ ገንዘቡ አለ። ኪራይ በኩንታል እስከተከፈለ ድረስ የመጀመሪያው ሰማንያ ኩንታል የናፍጣ፣ የጎማና የኬላ ነው፤ ትርፉ ያለው ከመጨረሻዎቹ ኩንታሎች ላይ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ጎማና መለዋወጫ ምን ያህል እንደተወደደ ለባለ መኪና መንገር አያስፈልግም። ሰውየው የተወደደውን ጎማ ለመግዛት ትርፍ ይጭናል፣ ትርፉ ጎማውን ይጨርሰዋል። በዚህ አዙሪት ላይ ቅጣት መጨመር ብቻውን የሚያመጣው ለውጥ አይታየኝም፤ ቅጣቱም እንደ ናፍጣ ወጪ ተቆጥሮ በሚቀጥለው ጭነት ላይ ይካካሳል።

ኩንታሉ ራሱም አይታመንም። በገበያ «አንድ ኩንታል» ማለት ብዙ ጊዜ አንድ የሞላ ጆንያ ማለት ነው። ጆንያውን በማሽላ ልክ ለምዶ ጤፍ የሚሞላበት ሰው ክብደት ጨመረ፤ ጤፍ ደቃቅ ስለሆነ ክፍተት አይተውም። (ጆንያውን ራሱን «ማዳበሪያ» እያልን ስለምንጠራው ደግሞ ሰነድ ላይ «50 ማዳበሪያ» የሚል ጽሑፍ ዩሪያ ይሁን ገብስ ለማወቅ ሸራውን መግለጥ ይጠይቃል።) ታሽጎ የመጣ ኮንቴይነርም ከዚህ ብዙ አይሻልም። እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2016 ጀምሮ ማንኛውም ኮንቴይነር መርከብ ላይ ከመጫኑ በፊት የተረጋገጠ ጠቅላላ ክብደቱ መታወቅ አለበት፤ ስለዚህ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ለሚደርሰው ሳጥን ድምሩ ይታወቃል። በውስጡ ያለው ማሽን ግን ወደ የትኛው ጫፍ እንደተጠጋ ወረቀቱ አይናገርም።

በእኔ አስተያየት ጥያቄው መነሣት ያለበት መጋዘኑ በር ላይ ነው፤ ተጠያቂነቱም አስጫኙን መንካት አለበት። ሚዛን ጣቢያ ከደረሰ በኋላ ያለው ምርጫ ወይ መቅጣት ወይ ማራገፍ ነው። የተራገፈው ጭነት ደግሞ ሌላ መኪና እስኪመጣ ሜዳ ላይ ያድራል።

ሚዛን ከመድረሱ በፊት

መኪና የሚመዝን ሚዛን ያላቸው ፋብሪካዎችና የእህል መጋዘኖች አሉ። እነዚህ የሚሰጡት ጠቅላላውን ብቻ ነው ተብሎ ይታሰባል፤ ግን አንድ ቀላል ዘዴ አለ። መጀመሪያ የፊት ጎማዎች ብቻ ሚዛኑ ላይ እስኪወጡ ነድቶ መቆምና መመዘን፤ ከዚያ ሙሉውን ማስገባትና እንደገና መመዘን። ከሁለተኛው ላይ የመጀመሪያው ሲቀነስ የሚቀረው የኋላው ነው። ሚዛኑና መግቢያው አንድ ደረጃ ላይ መሆን አለባቸው፤ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ፍሬኑ ተለቆ። ሁለት ደቂቃ የሚፈጅ ነገር ነው።

ሚዛን በሌለበት ባሌስትራው ራሱ ሚዛን ይሆናል። በልኩ መጫኑ አንድ ጊዜ በሚዛን ከተረጋገጠ በኋላ መኪናው ለጥ ያለ ቦታ ላይ ሳለ ከአክስሉ እስከ ሻንሲው፣ ማለትም እስከ መኪናው ዋና የብረት አካል፣ ያለውን ክፍተት በአራቱም ማዕዘን በስንዝር ወይም በሜትር ለክቶ በቀለም ምልክት ማድረግ ነው። ከዚያ በኋላ ምልክቱ ካለፈ ጭነቱ አልፏል፤ አንዱ ጎን ብቻ ዝቅ ካለ ጫኞቹ ከአንድ ወገን ከምረዋል። ረዳቶች ጎማውን በብረት እየመቱ ድምፁን ሲያዳምጡ የምናየውም የዚሁ ዓይነት ዕውቀት ነው፤ ከድርቡ አንዱ ተንፍሶ ከሆነ ጓደኛው የሁለት ጎማ ሸክም ብቻውን ይዟልና።

ያ የኮምቦልቻው መኪና ሹፌር ከዚያ በፊት በኋላ አክስል ተቀጥቶ ያውቃል። ሲሚንቶው ተከምሮ ሲያይ ካሶኒው ላይ ወጣና «ይህ አይሆንም፤ ፍራሹን አውርዱ፣ ሲሚንቶውን አንጥፉት» አለ። ጫኞቹ አጉረመረሙ፣ ተጨማሪ ጠየቁ፣ ተስማሙ፤ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። እኔም ወደ ወልድያ ስለምሄድ ካቢናው ውስጥ ቦታ ሰጠኝ። ሐረጎን በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ ወጣነው፤ ረዳቱ ኩርባ በተዞረ ቁጥር በመስኮት አንገቱን አውጥቶ የኋላውን ጎማ ያያል፣ «ያረቢ» ይላል፣ ይመለሳል።

ሐይቅ ስንደርስ እንደተፈራው ሆነ። ሲሚንቶው ያለው ከታች ነው። ፍራሹ ሁሉ መንገድ ዳር በተዘረጋ ሸራ ላይ ወረደ፤ ሳሙናውና ፓስታው ተከተለ። ሲሚንቶው ተራግፎ ሲያልቅ ያ ሁሉ ተመልሶ መጫን ነበረበት። የሐይቅ ጫኞች «የፍራሹን ማን ይከፍላል?» አሉ። የሲሚንቶው ባለቤት «እኔ ፍራሽ አላዘዝኩም» አለ። የወልድያው ነጋዴ በስልክ ተጠየቀ፤ «ሐይቅ ላይ ውረድ ያለው ማን ነው?» ብሎ ዘጋ። ሹፌሩ ትንሽ ቆመና ከሸሚዙ ኪስ ብር አውጥቶ መቁጠር ጀመረ።